ዝርዝሩ በአባሪው ተመልክቷል

የሞተ ሰው ደብዳቤ ቢልክልህ ታነበዋለህ ወይስ ታጠፋዋለህ? ቶሎ አትመልስ። እኔ ጂንካ ውስጥ ከዚህ ጥያቄ ጋር ዓመት ከመንፈቅ ኖሬያለሁ፤ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠይቀኛል።

ጥፋቱን ከራሴ ልጀምር። ወረዳዎች ድጋፍ የሚጠይቁበትን የዞን መሥሪያ ቤታችንን የድረ ገጽ ቅጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። የወረዳ ባለሙያ ቅጹን ይሞላል፣ ፋይል ያያይዛል፤ የጻፍኩት ፕሮግራም ሁለቱን በኢሜይል ለጽሕፈት ቤቱ ይልካል። ሰርቨራችን ከሁለት ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል፣ «ፋይሉ አልተያያዘም፤ ደብዳቤው አልተላከም» የሚል ቀይ ጽሑፍ እንዲወጣ አድርጌ ነበር። ቅጹ በተመረቀበት ዕለት፣ እንግዶች ፊት፣ ቀዩ ወጣ። ኃላፊያችን አቶ ሸዋንግዛው ከጽሑፉ ይበልጥ ቀሉ።

«መምህር፣» አሉኝ፤ ድሮ ኮምፒውተር ሳስተምር የወጣልኝ ስም ነው። «ይሄ አገልግሎት ነው ወይስ ስድብ?»

«እውነት ነው፤ ፋይሉ ትልቅ ነው።»

«እውነትህን ወዲያ በልልኝ። የገባው ሁሉ ‹ደርሶናል፣ እናመሰግናለን› ይባል።»

በየስብሰባው የምጮኸው እኔ፣ የሰው ቃል እየሰነጠቅሁ የምከራከረው እኔ፣ በአንድ ቁጣ ከፕሮግራሜ አራት መስመር አጠፋሁ። ከዚያ ወዲያ ፋይሉ ቢቀርም ደብዳቤው ብቻውን ይሄዳል፤ ላኪው የሚያየው ምስጋናውን ነው።

ፈርዶሳ የጂንካ ልጅ ናት፤ የባለሱቋ የእትዬ ሐፍሳ ልጅ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ካንጋተን ላይ የተመደበች የወረዳ ባለሙያ። ደብዳቤ አጻጻፍ ያሠለጠንናት እኛው ነን። ደብዳቤ አጭር ይሁን፣ ጉዳዩ አባሪው ውስጥ ይግባ አልናት። አባሪ የሌለው ደብዳቤ አይመራም፤ «ያልተሟላ» የሚል ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ላኪውን ደውሎ የሚጠይቅ የለም፤ እንዲህ ያለ ልማድ የለንም።

ነሐሴ ላይ ኦሞ ሞላ። ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ከነከብቱ አንድ ጉብታ ላይ ቀረ፤ ዙሪያው ውሃ። ፈርዶሳ ቦታውን በእጇ ሣለች፣ ወረቀቱን ማኅተም አስመታች፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከች። ስክሪኑ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» አላት። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። በታንኳ ቀዛፊው በሎሬ በኩል ለቤተሰቦቹ መልእክት ሰደደች፦ ጀልባ ይመጣል፣ ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ።

ጂንካ የደረሰው ይህ ብቻ ነበር፦ «ጉዳዩ፦ አስቸኳይ ድጋፍ ስለመጠየቅ። ዝርዝሩ በአባሪነት በተያያዘው አንድ ገጽ ተመልክቷል። ከሰላምታ ጋር።»

ጸሐፊያችን አስቻለች ይዛው ገባች። አቶ ሸዋንግዛው ቀና ሳይሉ፣ «አባሪ የለውም። ያልተሟላ ውስጥ አስገቢው፤ ሲገባት ትልካለች» አሉ።

ጀልባ ሳይመጣ ሲቀር፣ በሦስተኛው ቀን ፈርዶሳ ራሷ በሎሬ ታንኳ ወደ ጉብታው ተሳፈረች። ታንኳው ተገልብጦ ተገኘ። እነሱ አልተገኙም። ቤተሰቦቹን በአምስተኛው ቀን ውሃው ራሱ ለቀቃቸው።

ከለቅሶው ሳምንት በኋላ መብራት ሄዶ መጣ። አስቻለች የቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

«መምህር... ፈርዶሳ ጻፈች።»

«ምን አልሽ?»

«ዛሬም አባሪ የለውም።»

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ኃይል ሲቋረጥ ፕሮግራሜ የላከውን እንዳልላከ ይቆጥርና ይደግመዋል። በአንድ ትእዛዝ ላጠፋው እችላለሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ይደርስና ይቀዘቅዛል። ማወቅ ከፍርሃት ያድናል ያለኝ ሰው ዋሽቶኛል።

አቶ ሸዋንግዛው የፈረሙበት የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት «ላኪዋ ማስረጃውን ባለማያያዟ የደረሰ ነው» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። ባለፈው ወር ሳሙና ልገዛ ብገባ እትዬ ሐፍሳ ሂሳቡን አልቀበልም አለችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ መምህር። ደግሞ ልታጽናናኝ ብለህ እንዳትዋሸኝ። ልጄ ረስታው ነው?»

ሳሙናውን ትቼ ወጣሁ። በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ መዝገብ ሄድኩ፤ ከዓመት በላይ ልከፍተው የፈራሁት እሱን ነበር። እዚያው ቁጭ ብሏል፦ ከካንጋተን የተላከ ፋይል፣ አራት ነጥብ አንድ ሜጋባይት፣ ተቀባይነት አላገኘም።

አልረሳችም።

አትሜ አቶ ሸዋንግዛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አነበቡት፤ ወደ እኔ መልሰው ገፉት።

«መስመሩን ያጠፋው እጅ ያንተ ነው። አብረን ነው የምንነቀለው።»

«አውቃለሁ።»

«ሙታንን ተዋቸው እባክህ።»

እኔ ልተዋቸው? ትናንት መብራት ሲመለስ ደብዳቤዋ ለአርባ ሰባተኛ ጊዜ ገባ። ዝርዝሩ በአባሪው ተመልክቷል ትላለች፤ ከሰላምታ ጋር ትላለች፤ እኛን ትጠብቃለች።

ዓርብ በከተማው አዳራሽ የሕዝብ ስብሰባ አለ። እትዬ ሐፍሳ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ፤ መዝገቡን አነባለሁ፣ መስመሮቹን በእጄ ማጥፋቴን እናገራለሁ፣ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ከዚያ ተራው የእርስዎ ነው፣ አቶ ሸዋንግዛው። ይነሱ፣ ማይኩን ይያዙ፣ ሪፖርቱን የፈረሙበትን እጅ ከኪስዎ ያውጡ፣ እናቷን እያዩ በሕዝብ ፊት ይመልሱ፦ ልጇ ረስታው ነው?