ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚዘጋው ተራራ

ከዱርንፎንቴን በስተደቡብ ያለው የወርቅ ማዕድን አፈር ክምር ወደ ላይ አድጎ ግግር በረዶ ከለበሰ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጆሃንስበርግም ለምዳዋለች፤ ከሥሩ ታክሲ ይቆማል፣ ማግዊንያ የሚሉት ሊጥ በዘይት ይጠበሳል። የስደተኛ ወረቀት የሚያድሰው ቢሮ ሰልፉ ሲረዝምበት መስኮቱን ነቅሎ ተራራው ጫፍ ላይ ተከለው። ሰልፉ እውነትም አጠረ። ሕጉ ቀላል ነው፦ በየአቅጣጫው በቀን አንድ ሰው፣ ያለ አጃቢ፤ መስኮቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል።

በዚያ ሐሙስ የሰሜኑ አቅጣጫ ተራ የጌዴዎን ነበር። ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ሱቅ ያለው የዱራሜ ልጅ ነው። ወረቀቱ የሚያበቃው በዚያው ዕለት ነው፤ ሳይታደስ ካደረ ነገ መንገድ ላይ ያገኘው ፖሊስ ጭኖ ይወስደዋል። ሚስቱ ፀገነት ደግሞ የመውለጃ ወሯ ገብቷል።

"ሰው ካገኘህ ወሬ እንዳትጀምር" አለችው ጧት።

"በረዶ ላይ ማንን አገኛለሁ?"

"አንተ? አታጣም።"

ጌዴዎን የሳሙና ካርቶን እንኳ በስንዝር ለክቶ የሚደረድር ሰው ነው። ታኬታ ጫማውን አጥብቆ፣ መዶሻውን ይዞ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመረ። በየመቶ እርምጃው አንድ ደቂቃ አረፈ። በረዶው ከሥሩ አፈር ስለያዘ ቢጫ ነበር፤ ወደ አራት ሰዓት ላይ ነጣ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ ሆነ። አንድ ስንጥቅ መንገዱን ሲዘጋበት የበረዶ ፍርካሽ ጥሎ ቆጠረ። አራት ብሎ ሲቆጥር የወደቀበትን ድምፅ ሰማ፤ ዝላዩን ትቶ ዞሮ ሄደ። ሰባት ሰዓት ላይ የሂልብሮው ረጅም ሕንፃዎች ከእግሩ በታች ሆኑ። ስልኩ ጠራ።

"የአየር ሰዓቱን ካርድ የት አስቀመጥከው?" አለች ፀገነት።

"ከሻማው ጀርባ።"

"ሰው አገኘህ?"

"ማንም የለም።"

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ አራት ላይ ጫፉን ረገጠ። የቆርቆሮ ክፍል፣ መስኮት፣ ከመስኮቱ ጀርባ ማሞቂያ ታቅፋ የተቀመጠች ጸሐፊ። እጁን ወደ መስኮቱ ሲዘረጋ በደቡብ በኩል በጃንጥላ እየተደገፉ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

"እንደምን ዋልክ፣ የኔ ልጅ?" አሉ በአማርኛ።

ሰላምታው ብቻ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ጋሽ ክፍሉ ይባላሉ፤ የሆሳዕና ሰው ናቸው፣ ሂልብሮው ይኖራሉ። የቤተሰቡ ደህንነት፣ የሱቁ ደህንነት፣ ስላለፉት መንገድ ጌታ መመስገኑ፣ አንዱም አልቀረም።

"ከእንግዲህ አንድ ሰው ብቻ ነው የማስተናግደው" አለች ጸሐፊዋ በእንግሊዝኛ።

"እርስዎ ይቅደሙ፣ ጋሼ።"

"ኧረ በፍጹም። ቀድመህ የደረስከው አንተ።"

"በሞቴ።"

"እኔ ልሙትልህ፣ ግባ።"

ጌዴዎን ሰዓቱን በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አሰላ። አንዱ ዙር ትከሻ መገፋፋቱን ጨምሮ ሠላሳ ሴኮንድ ይወስዳል። ማኅተሙ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ያለው አራት ዙር ነው። ደግሞም ታላቅ ሰው በሦስተኛው ላይ እሺ ይላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያየው ይህንኑ ነው። ያኔ ወረቀቱ ባይታደስም ስሙ ንጹሕ ይሆናል። ወረቀትዎ መቼ ነው የሚያበቃው ብሎ መጠየቅማ ተራ እንደ መቀማት ነው።

ጋሽ ክፍሉ በሦስተኛውም እሺ አላሉም።

"ሃይቦ" አለች ጸሐፊዋ በዙሉ ተገርማ። "ልትጋቡ ነው እንዴ?"

"ግባ አልኩህ፣ የኔ ልጅ" አሉ ጋሽ ክፍሉ። አራተኛው ነበር።

"እሺ" አለ ጌዴዎን።

የሽማግሌው እጅ ሊገፋው እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀረ። ገና አንድ ዙር እየጠበቁ እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቃል። ጌዴዎን ግን ወረቀቱን አቀበለ። ማኅተሙ አረፈ፤ መስኮቱ ተዘጋ።

"ስንት ሰጡህ?"

"ስድስት ወር።"

"ተመስገን።"

"የእርስዎስ መቼ ነው የሚያበቃው?"

"ዛሬ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተስ?"

ሁለቱም በረዶው ላይ ተቀመጡ። ቆይተው ጋሽ ክፍሉ ቆርቆሮውን ተደግፈው እግራቸውን ዘረጉ። "ፖሊስ እዚህ አይወጣም። አድራለሁ። ነገ የሚቀድመኝ የለም።"

ጌዴዎን ከደረባቸው ሦስት ጃኬቶች ሁለቱን አወለቀ።

"ኧረ አይሆንም፣ ይበርድሃል።"

"እጅዎን ይስጡኝ።"

"አልቀበልም አልኩህ።"

"ሌላኛውን።"

እንደ ሕፃን ልጅ አለበሳቸው፤ ዚፑን እስከ አገጫቸው ዘጋና ቁልቁለቱን ተያያዘው።

"አንዱን እንኳ ይዘህ ሂድ" አሉ ጋሽ ክፍሉ ከኋላው። "በሞቴ።"

ጌዴዎን እየተንቀጠቀጠ መንገዱን ቀጠለ። ዞር ካለ እንደገና መጀመራቸው ነው።