ስልኳን የዋሸችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ የደም ካንሰር እንዳለባት ካወቀች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በየቀኑ አንድ ክኒን እስከዋጠች ድረስ ከበሽታው ጋር ሠርቶ መኖር እንደሚቻል ሐኪሟ ነግሯታል። ዘንድሮ ደግሞ ሆስፒታሉ ስልኳ ላይ መተግበሪያ ጫነላት። በየጠዋቱ "መድኃኒትዎን ወሰዱ? ዛሬ እንዴት ነዎት?" ይላታል። እሷም ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ "ወስጃለሁ፣ ደህና ነኝ" የሚለውን ነካ ታደርጋለች።

ደህና ግን አልነበረችም። ክኒኑን በወሰደች ቀን ጣቶቿ እየተኮማተሩ መቀሱ ከእጇ ይወድቃል። ስለዚህ ሥራ በተጣደፈ ቁጥር ክኒኑን ትዘለዋለች። አብራት ለምትሠራው ልጇ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ረፋድ፣ የደም ምርመራ በሰጠች በሳምንቱ፣ መልሶቿን የሚከታተለው ነርስ በቪዲዮ ደወለ።

"እትዬ፣ ስልክዎ ሰማንያ ቀን ሙሉ ደህና ነኝ ይለኛል። ደምዎ ግን በሽታው እንደገና እየጨመረ ነው ይላል። የቱን ልመን?"

ቁልፍ ስትተክል የነበረችው ልጇ ቀና አለች። "እማ?"

እናትየው አንገቷን ደፋች። "ደሜን እመን" አለች። "ምን ላድርግ ልጄ? መርፌ መያዝ ካቃተኝ ምኑን ኖርኩት?"

"አሁን ገና ነገሩኝ!" አለ ነርሱ፣ ምንም ሳይቆጣ። "እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።"

የተኮማተሩትን ጣቶች በስልኩ አያቸው። በነጋታው ሐኪሟ መድኃኒቱን በሌላ ቀየረላት።

ከዚያ ወዲያ እውነቱን ለስልኩ ታዘንብለት ጀመር። "ዛሬ ሆዴን ነፋኝ።" "ዛሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።" "ዛሬ ሐኪም የሚባል ሁሉ አስጠላኝ።" ነርሱ ለእያንዳንዱ ምክር ይልክላታል፤ ለመጨረሻው ግን "ተመዝግቧል" ብቻ አላት። በሳቅ ፈረሰች። ክኒን የዘለለችበት አንድም ቀን አልነበረም።

በሁለተኛው ወር ጣቶቿ ተፍታቱ። በስድስተኛው ወር የምርመራው ውጤት ስልኳ ላይ ገባ። ልጇ ስልኩን ተቀብላ አነበበችላት።

"በደምዎ ውስጥ የበሽታው ምልክት አልታየም። መድኃኒቱን ይቀጥሉ።"

"ድገሚልኝ።"

ደገመችላት። ሠለሰችላት።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ወጥታ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው መዶሻውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

"ምነው? ማን ወለደ?"

"ማንም አልወለደም! አሸነፍኩት እኮ!" ብላ ከነመዶሻው አቀፈችው።