ዝም ያለው ጎማ

የተሳቢው ሹፌር ከጠርሙሱ ጥቂት ውሃ መዳፉ ላይ አፈሰሰና የመኪናዋ የፊት ቀኝ ጎማ ብረት ላይ ረጨው። ብረቱ ጮኸ፤ ነጭ እንፋሎት ተነሳ። ዞሮ የፊት ግራው ላይ ረጨ፤ እሱም ጮኸ። የኋላ ቀኙ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰ። የኋላ ግራው ላይ ሲደርስ ግን ውሃው ብረቱን ታክኮ ወረደና አፈር ገባ። ሹፌሩ አላመነም፤ ደገመው። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ በመጀመሪያ የእጁን አይበሉባ አስጠጋ፤ ቀጥሎ መዳፉን ለጠፈበት።

“እህቴ፣ ይሄኛው ዛሬ ሥራ አልገባም” አላት።

“ምን ማለት ነው?” አለች የመኪናዋ ባለቤት፣ ፋርማሲስቷ።

“ሦስቱ ሲለፉ እሱ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ፍሬን አይደርሰውም። የፊቶቹ የነደዱት የእሱን ድርሻ ጭምር እየሠሩ ነው። ቅድም ስትረግጪ ፔዳሉ ወለል የነካብሽም ለዚህ ነው።”

ሰውየውን ትክ ብላ አየችው። መኪናዋን ከገዛች በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጋራዥ ገብታለች። ሦስቱም ግድግዳቸው ላይ የምስክር ወረቀት ሰቅለዋል። አንዱ የፍሬን ሸራ ቀየረ፣ ሁለተኛው ዘይት ቀየረ፣ ሦስተኛው ደግሞ “መኪናዋ ምንም የላትም፣ አነዳድሽ ነው” ብሎ መለሳት። ይህ ሰው ግን በአንድ እፍኝ ውሃ አራቱን ጎማዎች በየተራ ጠርቶ አናገራቸው።

የቆሙበት ሜዳ የቁልቁለቱ አናት ነው። ከሜዳው ጫፍ አስፋልቱ ድንገት ይሰበርና ሠላሳ አንድ ቦታ እየታጠፈ ይወርዳል። ከታች ከተማዋ ደርቆ እንደ ተሰነጣጠቀ ጭቃ ትታያለች፤ በመንገዱና በከተማዋ መካከል ደግሞ አየር ብቻ አለ። ጭልፊቶች ከእግራቸው በታች ይዞራሉ። ፋርማሲስቷ የወፍን ጀርባ ከላይ አይታ አታውቅም ነበርና አፏን ከፍታ ቀረች።

“ደረስን እንዴ?” አለ አባቷ ከጎን ወንበር። “ነፋሱ አናቱ ላይ ያለን ያስመስላል።”

“አናቱ ላይ ነን አባዬ። ፍሬኑ ነው።”

አባቷ ሃያ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ይህንን ቁልቁለት እንደ ግቢው ደረጃ ያውቀዋል። ከስድስት ዓመት ወዲህ ግን ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ሸፍኖበት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። ሞራውን የሚያነሳው ሐኪም ወደ ታችኛዋ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው። የአባቷ ተራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አሁን አራት ሰዓት ሆኗል። ሰዓቱ ካለፈ ቀጣዩ ተራ ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ባለፈው ጊዜ ደግሞ ነርሷ “ከዚህ በላይ ከዘገየ ጭራሹን ላይሆን ይችላል” ብላ ነግራታለች።

የተሳቢው ሹፌር ይዟቸው እንዳይወርድ ገና ከታች መውጣቱ ነው፤ እዚህ የቆመው ሞተሩን ሊያበርድ ነበር። ካቆሙ በኋላ ወደ ታች ያለፉት ሁለት መኪኖችም እስከ አፋቸው ሞልተዋል።

ፋርማሲስቷ ስልኳን አወጣች። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች የሚመካከሩበት ስድስት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ አባል ናት። ውጪውን፣ አራቱን ጎማዎች፣ ከዚያም መሪውንና ማርሹን ቀርጻ ላከች። “ቁልቁለቱ አናት ላይ ነኝ። አባቴ ቀጠሮ አለው። አንዱ ጎማ ፍሬን አይዝም። ምን ይሻለኛል?”

መልሱ ዘነበ።

“ሸራ ነው።” “አየር ገብቶበታል፣ ደጋግመሽ ርገጪው።” “ሽጪያትና በቅሎ ግዢ።” “በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ምንም አትሆኚም።” “እኔ በሁለት ጎማ ወርጄዋለሁ፣ ይኸው አለሁ።” “ውረጂ እህት፣ ፍርሃት ነው ሰው የሚገድለው።”

በሩብ ሰዓት ውስጥ አርባ ሰው መለሰ፤ ከግማሽ በላዩ “ውረጂ” አለ። ጎማውን አልነኩ፣ ገደሉን አላዩ፣ የሚወርደውም የእነሱ አባት አይደለም። ሰው በገዛ ኪሱ ላይ ለመወሰን ሦስት ቀን ያስባል፤ በሌላ ሰው ነፍስ ላይ ለመወሰን ግን አንድ አውራ ጣት ይበቃዋል።

“እነዚህ ሰዎች የት ሆነው ነው የሚጽፉት?” አለ የተሳቢው ሹፌር በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እያነበበ።

“አንዱ ቢሮ ነኝ ይላል።”

“እንግዲያው ቢሮውን ይዞ ይውረድ!”

“ብዙ ሰው ግን አንድ ነገር ነው የሚለው።”

“ገደሉ ድምፅ አይቆጥርም እህቴ።”

ሰዓቷን አየች። አባቷን አየች። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ የታጠበ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የሆስፒታሉን ካርድ በሁለት እጁ ይዟል። ካርዱን ከጠዋት ጀምሮ አላስቀመጠውም።

“በአንደኛ ማርሽ ብንወርድስ አባዬ?”

“ሃያ ቶን ጭኜ በአንደኛ ወርጄበታለሁ።” ካርዱን እየዳሰሰ “ፍሬን ግን ነበረኝ” አለ። “መሪው የአንቺ ነው። ለእኔ ዓይን ብለሽ ከሆነ ግን አታድርጊው።”

ለእሱ ዓይን ብላ ነበር። ገባችና ሞተሩን አስነሳች። የተሳቢው ሹፌር ከፊት ጎማው ሥር ታኮ አድርጎ የሰካውን ድንጋይ በእግሩ ረግጦ ቆመ።

“እኔ ይቺን ድንጋይ አላነሳም። ከፈለግሽ ራስሽ አንሺ።”

“ወንድሜ፣ አባቴ ዓይኑን ሊያጣ ነው!” ጮኸችበት። በሩን ከፍታ ወረደች፤ ድንጋዩን ልታነሳም ጎንበስ አለች። ስልኳ የጮኸው ይሄኔ ነው። የላኪውን ስም ስታይ ቀና አለች።

በግሩፑ ውስጥ “አያ ፍሬን” የሚሉት ሰው ነበር። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ጀማሪን አይስቅበትም፣ ለማንም ሲመልስ አይሰለችም፤ መልሱን ሁሉ የሚዘጋው በአንድ አባባል ነው፦ “ሞተር ባይነሳ ትቀራለህ፤ ፍሬን ባይዝ ትሄዳለህ።” ስድስት ሺህ ሰው በአንድ ነገር ይስማማ ቢባል በእሱ ነው። አሁን የላከው መልእክት ግን ያ አባባል የለበትም። አባቷም እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበችው።

“ፋርማሲስቷ እህቴ፣ ሞተሩን አጥፊ። በአንደኛም በምንም ማርሽ እንዳትወርጂ። የኋላ ግራው የፍሬን ቱቦ ተቆርጦ ጫፉ በብሎን ተደፍኗል። ብሎኑ ቀይ ቀለም አለው። ተኝታችሁ እዩት። እንዴት አወቅህ ለምትሉኝ፣ የደፈንኩት እኔ ነኝ። መኪናዋ የእኔ ነበረች። የማርሹን የእንጨት እጀታ በእጄ ነው የጠረብኩት፤ ቪዲዮው ላይ አየሁት።”

የተሳቢው ሹፌር ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ገባ። ለትንሽ ጊዜ ጫማዎቹ ብቻ ታዩ።

“ቀይ ነው” አለ ከሥር። ድምፁ እንደ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው ዝቅ ብሎ ነበር።

ሁለተኛው መልእክት መጣ። “የዚያ ጎማ የፍሬን ፓምፕ ዘይት ታፈስ ነበር፤ መለዋወጫው ጠፋ፤ ለጊዜው ብዬ ደፈንኩት። ከዚያ ቸገረኝና ሸጥኩ። ለደላላው ነግሬዋለሁ። ደላላው ለገዢ እንደማይናገር ግን አውቅ ነበር።”

ደላላው የነገራት “የዶክተር መኪና ናት፣ ከቤት ቢሮ ብቻ” ብሎ ነበር። ደላላ የሚሸጣት መኪና ሁሉ የዶክተር ናት፤ እንደ ደላሎቹ ቢሆን ኖሮ አገር ምድሩ ሐኪም ሆኖ በሽተኛ በጠፋ ነበር።

ፋርማሲስቷ የድምፅ መቅረጫውን ተጭና የአፏን ሁሉ ተናገረችው። አንተ አለችው። ስምንት ወር ልጆቿን ትምህርት ቤት ያመላለሰችው በሦስት ጎማ እንደነበር፣ ስሙን ፍሬን ብሎ ሰው ሲሸነግል እንደኖረ፣ እሱ ራሱ ቁልቁለት እንደሆነ ነገረችው። ስድስት ሺህ ሰው ሰማ። መልሱ ሁለት ቃል ነበር፦ “ልክ ነሽ።” ቀጥሎ፦ “ፓምፗ አለችኝ። ታች ከተማ ነኝ፤ ይዣት እየወጣሁ ነው።”

ግሩፑ ተቀጣጠለ። ቅድም “ውረጂ” ያሉት ሰዎች አሁን ከሁሉ በላይ “ነፍሰ ገዳይ” እያሉ ይጮሃሉ።

“ጉድ ነው” አለ የተሳቢው ሹፌር አቧራውን እያራገፈ። “‘አትውረጂ፣ ቱቦውን እዪው’ ብቻ ቢል ኖሮ ነቢይ ነው ብለን በሰገድንለት። ማን ጠየቀው?”

“ምክር ብቻ ቢሆን አርባው ላይ ይጨመርና ይጠፋ ነበር” አለ አባቷ። “ልጄ እንድታምነው ማፈር ነበረበት።”

ፋርማሲስቷ መንገዱ ዳር ተቀምጣ ያንኑ መልእክት ደጋግማ አነበበች። መልካም ስሙን አንዲት ደቂቃ ሳያመነታ እንዲህ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አይታ አታውቅም። ያው ሰው ደግሞ ፍሬኗ የተደፈነችውን መኪና ሸጦላታል። ሁለቱ ነገር አንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ልትረዳው አልቻለችም፤ ቁጣዋ ግን ማረፊያ አጥቶ ዝም አለ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሲሚንቶ ከጫነ መኪና ላይ አንድ ሰው ወረደ። አያ ፍሬንን በሐሳቧ የሳለችው ትልቅ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው አድርጋ ነበር። የመጣው ስልሳ የሚሆነው፣ ሸሚዙን የተኮሰ፣ አጭር ሰውዬ ነው። በእጁ የመሣሪያ ቦርሳ አለ።

“ልጄ፣ እኔ ነኝ” አለ።

“ልጄ አይበሉኝ።”

“እሺ።” ኮቱን አጥፎ አስቀመጠና ክሪኩን ተከለ፤ ጎማውን ፈታ፤ ከሥር ገባ። ቀዩን ብሎን ሲፈታ ሦስቴ አንሸራተተው፤ ራሱ ነበር በደንብ ያጠበቀው። አሮጌዋን ፓምፕ አውጥቶ ከቦርሳው አዲስ ቱቦ፣ ከካርቶኗም አዲሷን ፓምፕ አወጣ። ካርቶኗ አቧራ ጠጥታለች።

“ይቺን መቼ ገዟት?” አለችው።

“መኪናዋን ከሸጥኩልሽ ከሦስት ወር በኋላ። ተገኘች ሲሉኝ ገዛኋት።”

“አምስት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ?”

“ደላላው ስልክሽን አልሰጥም አለኝ።”

“ግሩፑ ውስጥ ስድስት ሺህ ሰው አለ! ‘ይቺን መኪና የገዛ’ ብለው አንድ መስመር መጻፍ አቃተዎት?”

እጁ ቆመ። “እዚያ መፈለግ ማለት መናገር ነበር” አለ ከሥር። “አያ ፍሬን መባል ደስ ይለኝ ነበር።”

እጁ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አዲሱ ቱቦ ከገባ በኋላ ውስጡ የገባው አየር መውጣት ነበረበት፤ ለዚህ አንድ ሰው ፔዳሉን መርገጥ አለበት። ፋርማሲስቷ ልትገባ ስትል አባቷ ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በእጁ የመኪናዋን ጎን እየዳሰሰ ዞሮ መሪው ጋ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት የሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እግሩ ግን ሳይዳብስ ቀጥታ ፔዳሉ ላይ አረፈ።

“ይርገጡ!” አለ ሰውዬው ከሥር።

“ረግጫለሁ።”

“ይያዙ… ይልቀቁ። ይርገጡ!”

ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ የማያይ፣ አንዱ የማይታይ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ተጠራሩ። የተሳቢው ሹፌር ዘይቱን ከላይ ይሞላል። ሞተሩ ከበረደ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ ለምን እንዳልሄደ ስትጠይቀው “ድንጋዬን ማን ላይ ጥዬ?” አላት።

በመጨረሻ አባቷ ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲከፈት አየች።

“ግድግዳ” አለ። “ከእግሬ ሥር ግድግዳ ቆመ።”

ሜዳው ላይ ሦስቴ እየነዱ ሞከሯት። የተሳቢው ሹፌር ድንጋዩን መልሶ ከጎማው ሥር ሰካና ውሃውን ረጨ። አራተኛው ጎማ እንደ ጓደኛው ተነፈሰ።

ሰውዬው እጁን በጨርቅ ጠረገና ዘረጋ። “ሰባት ሰዓት ነው፤ ትደርሳላችሁ። ግን ቁልፉን ስጪኝና መጀመሪያ ብቻዬን ይዣት ልውረድ። እናንተ በሚመጣው መኪና ተከተሉኝ። ታች ቆሜ ካገኛችሁኝ መኪናዋ ደህና ናት።”

“ካላገኘንህስ?” አለ አባቷ።

“ያኔም ታውቃላችሁ።”

ፋርማሲስቷ የተዘረጋውን እጅ አየች። መዳፉ ላይ ብሎኑ የላጠው ቦታ ደም አለው። ከዚያ ገደሉን አየች፤ ጭልፊቶቹ አሁንም ከታች ናቸው።

አባቷን በክንዱ ይዛ ከኋላ አስቀመጠችው፤ ቀበቶውን አሰረችለት። ቁልፉን ጨብጣ የጎኑን በር ከፈተች።

“እዚህ ይግቡ” አለችው። “የምነዳው እኔ ነኝ። እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው በየመታጠፊያው ይነግሩኛል።”

ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እሷን አንዴ መንገዱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ። የተሳቢው ሹፌር ድንጋዩን አነሳ።