«ወደብ» ብሎ ሞተ

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ ቦራም። ግን... ከመሞቱ በፊት ምን አለ?» አለ ቴጎን፣ ጫማውን እንኳን በቅጡ ሳያወልቅ።

የሟቹ የጊታክ «ወዳጆች» ከጠዋት ጀምሮ እህቱን የሚጠይቋት ይችኑ ነበር። ወዳጅ ብሎ ዝም! ሴኡል ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ካለው የለቅሶ ቤት ወለል ላይ ተኮልኩለው ቀዩን የሥጋ ሾርባ ይምጋሉ፤ በጠረጴዛው ስር ስልካቸውን ይደባብሳሉ። ጨዋታ የሚወዱ እንዳይመስላችሁ። ማን እንደሚያሸንፍ ግድም የላቸው። ሁለት የኮምፒውተር ጨዋታ ቡድኖች ሲገጥሙ በየትኛው ካርታ፣ ማለትም በየትኛው የጨዋታ ሜዳ፣ ይጀምራሉ በሚለው ላይ፣ በትንበያ ገበያ ድርሻ ሲገዙና ሲሸጡ የሚውሉ ናቸው። ጊታክ ደግሞ ለቡድኑ መክፈቻ ካርታ የሚመርጠው ሰው ነበር። ግጥሚያው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«‹ወደብ› አለ» አለች ቦራም በንቀት እያየችው። «ሌላ ምንም አላለም። በል ሂድና ግዛ!»

ቴጎን መች አፈረ! ወደ ጓደኞቹ ተንደረደረ። «‹ወደብ› የተባለው ካርታ ነው! ከራሱ አፍ የወጣ!»

«እንዴ፣ እሱን እነጊታክ ሁልጊዜ ከምርጫ ይሰርዙት የለ?»

«ሞኝ! ለዚህ እኮ ነው ድርሻው የረከሰው። ዛሬ ሊያስደነግጡ ነው!»

ቦራም የናቀችው እነሱን ብቻ አልነበረም። ወንድሟንም ንቃዋለች። እናታቸው ስታጣጥር እንኳ እሱ ግጥሚያ ላይ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ የሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ እጇን ያዘና «ወደብ... ወደብ...» አላት። ለእሷ የምትሆን አንዲት ቃል ስትጠብቅ! «አሁንም ካርታ? እፈር እንጂ!» ብላ እጇን መነጨቀችው። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ፤ ወዲያው ደግሞ ጩኸት ሆነ። ግጥሚያው «በረሃ» በተባለው ካርታ ተከፍቷል። ቴጎን ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣ።

«እትዬ፣ ጉድ ሠሩን! ዋሹን!»

«ሬሳ ባለበት አትጩህ፣ ቅሌታም!»

ግጥሚያውን ለምክትሉ ትቶ ለቅሶ የመጣው አሰልጣኝ ኖ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ምን ሆናችሁ ነው? ‹ወደብ›ን ማን አላችሁ? ጊታክ ያን ካርታ እንደ ጠላት ነበር የሚያየው። ‹የዓሣ ሽታ የሌለው ምን ወደብ ነው› እያለ ያስቀን ነበር።»

«ሲሞት ግን እሱን ነው የጠራው» አለች ቦራም።

ኖ ግራ ተጋብቶ አያት። «እሱማ የአገራችሁን ወደብ ይሆናል፣ ቶንግዮንግን። ‹ስሞት ወደቡ ጋ፣ እናቴ አጠገብ አድርጉኝ፤ ለእህቴ እነግራታለሁ› ይለኝ ነበር። አልነገረዎትም እንዴ?»

ነግሯታል። ያልሰማችው እሷ ናት።

ቦራም ቴጎንን እዚያው እንደቆመ ትታው ለቀስተኛ ወደሚሰግድለት የወንድሟ ፎቶ ሄደች። ጉልበቷን ስታጥፍ አክስቷ ደንግጣ ቀሚሷን ያዘቻት። «ምን ነካሽ? ታላቅ ለታናሽ ይሰግዳል እንዴ? ነውር ነው!»

ቦራም ቀሚሷን አስለቀቀች። «ሰምቼሃለሁ፣ ጊታክ» አለችና ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፋች።