ባትሪው ሳይፈታ

ምንይሉ ከሞጣ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣውን የኤሌክትሪክ ጋሪ ቢቸና ላይ ሲያወርድ ዐሥር ሰው ተሯሩጦ አገዘው። እኔ ብየዳ ቤቴ በር ላይ ቆሜ አየሁ። እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ አላወጣኋቸውም።

እውነቱን ልናገር፤ ጋሪው ያምር ነበር። አራት ጎማ፣ ለስድስት ሰው መቀመጫ፣ ከላይ ጥላ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪ። ነዳጅ አይጠጣ፣ አይጮህ። ፈረንጅ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ሲጫወት የሚሳፈርበት ዓይነት ነው አሉ። የገና ጨዋታ የሚጫወት ሰው ሩሩን በእግሩ ይከተላል እንጂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል? ይህንንም የምለው የምናደድበት ሰበብ ፈልጌ ነው።

እኔና ምንይሉ ብየዳ የተማርነው እዚሁ ቢቸና፣ ከጋሽ ውበቴ ነው። ስድስት ዓመት በአንድ ጭምብል እየተፈራረቅን በየድን። ያኔ የእኔ እጅ ይሻል ነበር፤ ይህን ምንይሉም አይክድም። ጋሽ ውበቴ ግን ሰው ማመስገን አያውቁም። የበየድኩትን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው "ደኅና" ይላሉ፤ በቃ። ከዚያች የተሻለች አንዲት ቃል ከአፋቸው እስክትወጣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ።

ምንይሉ ሞጣ ሄዶ ሞተር ሲፈታ ሲገጥም፣ ከስልክም ከሰውም እየተማረ ጋሪ መሥራት ሲጀምር፣ እኔ የቢቸናን በርና መስኮት ስበይድ ቀረሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ አገሬው እኔ የሠራሁትን በር እየከፈተ እየዘጋ የሚያወራው ስለ ምንይሉ ጋሪ ነው። ሚስቴ ወይንእሸት እንኳ "ያ ጓደኛህ እኮ አምስት ሠራተኛ ቀጠረ አሉ" እያለች እራት ታቀርብልኛለች። እራቱ እንዴት ይውረድልኝ?

ያን ቀን ምንይሉ የመጣው ለትልቅ ጉዳይ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሎጅ የሚያሠራ አንድ ባለሀብት ከሰዓት በኋላ ጋሪውን ሊያይ ቀጥሮታል። ጋሪው የሎጁን ዳገት ከወጣለት ስድስት ያዛል። ስድስት ጋሪ ማለት ለምንይሉና ለሠራተኞቹ የዓመት ሥራ ነው።

ጋሽ ውበቴ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ምንይሉ ጉልበታቸውን ስሞ ከፊት አስቀመጣቸውና በመንገዱ አንድ ዙር አዞራቸው። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። ወርደው መሪውን ያዙ፣ ወንበሩን መታ መታ አደረጉ።

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ሥራ ማለት ይኼ ነው። ለካ ሰው አስተምሬያለሁ! አሁን ብሞትም አይቆጨኝ።"

ሰው አስተምሬያለሁ? እኔስ ምን ነበርኩ?

ሽማግሌው ዓይናቸው አይስትም፤ ጎንበስ ሲሉ ከኋላ ወንበር ሥር ብረቱ መሰንጠቁን አዩ።

"ኮረኮንቹ ነው፣ ጋሼ" አለ ምንይሉ። ሽማግሌው ጥቂት ራቅ ሲሉ ወደ እኔ ዞረ። "ይስማው፣ ወንድምዓለም፣ ይቺን በእጅህ በይድልኝ። ከእኔ እጅ ያንተ ይሻላል። እሳቸውን ምሳ ላብላና እንመለሳለን።"

ባትሪውን ፍታ አላለኝም። ለእኔ እንዲያ ማለት ለቄስ መስቀልህን ያዝ እንደማለት ነው። ጋሽ ውበቴ መጀመሪያ ያስተማሩን እሱን ነው። ባትሪ ያለው ነገር ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታል። ካልተፈታ የብየዳው ኃይል በሽቦው ገብቶ ያገኘውን ያቃጥላል። በዚህ ጋሪ ላይ ደግሞ የሚያገኘው ኮንትሮለር የሚሉትን፣ ሞተሩን የሚያዘውን ሳጥን ነው።

ወንበሩን አነሳሁ። ቀዩ ገመድ ባትሪው ላይ ታስሯል። ቁልፍ አምጥቼ ብሎኑ ላይ አኖርኩ። ግማሽ ዙር ቢበቃው ነው። "ለካ ሰው አስተምሬያለሁ" የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ቁልፉን ሳላዞር አነሳሁ። ወንበሩን መልሼ ገጠምኩ። ጭምብሌን አጠለቅሁ።

ረስቼ አይደለም። ማንም ቢጠይቀኝ ረሳሁ እል ነበር፤ ግን አልረሳሁም። ያን ቀን የበየድኩት ደግሞ በዕድሜዬ ከበየድኩት ሁሉ የተሻለ ነበር።

ባለሀብቱ በሰዓቱ ደረሰ። ምንይሉ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ምንም የለም። ደግሞ አዞረ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ባለሀብቱ ትንሽ ጠበቀ፣ ሰዓቱን አየ፣ "ሲስተካከል ደውልልኝ" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ምንይሉ ስንት ጊዜ እንደደወለለት ሞጣም ቢቸናም ያውቃል። ስልኩን አላነሳለትም።

መኪናው ሲሄድ ጋሽ ውበቴ ወንበሩን አንስተው አዩ። ቀዩ ገመድ እንደታሰረ ነው።

"ይስማው" አሉ ቀስ ብለው። "ባትሪው ሳይፈታ ነው የበየድከው?"

ምንይሉ ገመዱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ከስድስት ዓመት የሥራ ጓደኛ ፊት ምን ይደበቃል? ሁሉም ነገር ገባው። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁ። አሁን ያዋርደኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለ። "ፈትቼዋለሁ፣ ዝም ብለህ በይድ ያልኩት እኔ ነኝ። ችኮላ ነው።"

"አይ አንት ልጅ!" ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "ጋሪ ሠራሁ ብለህ ፊደሉን ረሳህ? እኔ ደግሞ ሰው አስተማርኩ ብዬ ስኮራ!"

እሳቸው ጎንበስ ብለው ብየዳዬን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ደጋግመው ዳሰሱት።

"የሰው እጅ የነካው አይመስልም" አሉ። "ይስማው፣ እስከ ዛሬ አልነገርኩህም እንጂ እንዳንተ ያለ በያጅ አላስተማርኩም። እጅህ ይባረክ።"

"አሜን" አልኩ።

ጋሽ ውበቴ ሄዱ፤ ያ ሁሉ አጋዥም የለም። ጋሪውን ወደ አይሱዙው የገፋነው እኔ፣ ምንይሉና ሾፌሩ ነን። ጭነን ስንጨርስ ሾፌሩ ወደ ጋቢናው ገባ።

"ለምን ዋሸህልኝ?" አልኩት ምንይሉን።

የጭነቱን ገመድ እየቋጠረ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም። "ኮንትሮለር ከአዲስ አበባ ይመጣል። አንተ ግን እዚህ ነው የምትኖረው። እሳቸው ቢያውቁብህ ማን በር ያሠራሃል?"

ሲሄድ እጁን አልሰጠኝም። ቅር አላለኝም፤ ቢሰጠኝም እኔ አፍሬ አልጨብጠውም ነበር።

ለጋሽ ውበቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ባገኙኝ ቁጥር ስለዚያ ብየዳ ለሰው ያወራሉ፤ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። በጋሪው መቅናቴን ያን ቀን ተውኩ። ሌላው ቅናት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ነገሩ ተገላብጦ ያቃጠለብኝ እሱ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ያን ውሸት አልዋሽለትም ነበር።