የፍሪሲዮን ሸራ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ

ይህን ወሬ ከበቅሎዋ መጀመር ይሻላል። ቢሆነኝ የሚባል ጎረቤቱ ደጁ ድረስ መጥቶ፣ «በቅሎዬን ውሰድና አባትህን ለሐኪም አድርሳቸው» ቢለው ደረሰ ምን አለ? «ሞተር እያለኝ በቅሎ ምን ያደርግልኛል!» አለ። ምነው አፉን በያዘው! ቢሆነኝ ምን ቸገረው፣ በቅሎውን ጭኖ ወደ ገበዝ ማርያም፣ ከዚያም አማቾቹ ዘንድ ሄደና በዚያው ሰነበተ።

የደረሰ አባት አያ ደሞዝ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። ዳሌያቸውም ስለሚያማቸው ከቀዬው እስከ ጅጋ ያለውን ቁልቁለት በእግር አይችሉትም። ሰኔ ሲገባ ታዲያ ከቅዳሴ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽኗ ብድግ ብላ፣ «ፍኖተ ሰላም የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው፤ ሞራ በነፃ ይገፍፋሉ፤ የሚቆዩት አምስት የሥራ ቀን ብቻ ነው» ብላ ተናገረች። አያ ደሞዝ ያን ዕለት ምሳቸውን እንኳ በወጉ አልበሉም።

ሽማግሌውን የሚያንገበግባቸው አለማየታቸው ብቻ አልነበረም። ለመጸዳዳት ሜዳ መውጣት ባስፈለጋቸው ቁጥር እጃቸውን ይዛ የምትወስዳቸው የልጃቸው ሚስት እማዋይሽ ናት። እሷ ፊቷን አዙራ ትቆማለች፤ እሳቸው በሀፍረት ላብ ያጠምቃቸዋል። «እግዜር ከዚህ ብቻ ይገላግለኝ፣ ሌላ ማየት አልፈልግም» ይሉ ነበር። በቃሬዛ እንውሰድዎ ሲባሉ ደግሞ፣ «ሳልሞት በሰው ትከሻ አልወጣም» ብለው እርፍ። መንገዱ በጭቃ ተይዞ መኪና አይገባበትም። የቀረችው እንግዲህ የደረሰ ሞተር ናት።

እሷ ደግሞ ቀን ጠብቃ ጉድ ሠራችው። ሐኪሞቹ ሥራ በጀመሩበት ዕለት ደረሰ ከጅጋ ቤንዚን ቀድቶ ሲመለስ አቀበቱ ላይ ሞተሯ ትጮኻለች፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። የሚቃጠል ነገር ሽታ አፍንጫውን ሲመታው ገባው፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን አልቋል። ሞተሩን አጥፍቶ በቁልቁለቱ እያንከባለለ ወደ ጅጋ መለሳት። መካኒኩ ይታገሱ ፈታቶ አየና ተቃጥለው የጠቆሩትን የፍሪሲዮን ሸራዎች በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠው። «ይህን ናሙና ሳትይዝ መለዋወጫ ፍለጋ እንዳትሄድ። በአፍ ብትነግራቸው የላዳ ጎማ ነው የሚሰጡህ» አለው።

በማግስቱ የሄደበት የፍኖተ ሰላሙ የሞተር ወኪል መለዋወጫ መሸጫ መስታወት በመስታወት ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ምስክር የሚባል ጎረምሳ ስልኩን በትከሻው ይዞ ኮምፒውተር ያያል። ደረሰ ባንኮኒው ላይ ፌስታሉን ሲፈታ፣ «ዘይቱ! ኧረ ዘይቱ!» ብሎ ጮኸበት።

«ሞዴል?» አለው በመጨረሻ።

«ቀይዋ ናት።»

«ቀለም መች ጠየቅኩህ?»

ደረሰ ታንከሯ ላይ የተጻፈውን ስም ነገረው። ምስክር ኮምፒውተሩን በአንድ ጣቱ ቀጭ ቀጭ አደረገና፣ «የለም። ቡሬ ቅርንጫፋችንን ጠይቅ» አለ።

«ደውልልኝ እንግዲያ፣ ወንድሜ። አባቴን ሐኪም ቤት ላደርስ ነው።»

«እኛ ለደንበኛ አንደውልም» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ይኸ ሁሉ መስታወት ለዚህ ነው እንግዲህ!

በሦስተኛው ቀን ቡሬ ሄደ። የወኪሉ ባንኮኒ ላይ ያለችው ህይወት የምትባል ልጅ ደህና ሰው ነበረች። ሸራውን በእጇ ይዛ ስፋቱንም ውፍረቱንም ለካች፤ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዳ ጎን ለጎን አስተያየችው። «ልክክ ብሏል፣ ወንድም ጋሼ» አለች። ደረሰ በደስታ እጇን ሊስም ምንም አልቀረው። ሚኒባስ ላይ እንኳ ዕቃውን ከጉያው አላወጣውም።

በማግስቱ ጅጋ ላይ ይታገሱ ማሸጊያውን ቀዶ ሸራውን ሲያስገባው አልገጥም አለው። ቀረብ ብሎ አየና፣ «ወይ ፍርጃ!» አለ። ለካ ከእሱ በፊት ሞተሯን የያዘ መካኒክ የሌላ ሞተር ሸራ በግድ ሊገጥምባት በጠርዙ ያለውን ጆሮ ጆሮውን በሞረድ ፍቆታል። ቡሬ ላይ የተለካው ያ የተፋቀው ነው፤ ናሙናው ራሱ ዋሽቷቸዋል። ደረሰ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ይታገሱም አዝኖለት የሞተሩን ቁጥር ከብረቱ ላይ አነበበና በደረሰ መዳፍ በእስክሪፕቶ ጻፈለት።

ተመልሶ ቡሬ ሄደ። «የተቀደደ ማሸጊያ አንቀበልም» የሚል ወረቀት ባንኮኒው ላይ ተለጥፏል፤ ህይወትም አፍራ በጣቷ አሳየችው። ደረሰ አልተከራከረም። መዳፉን ዘረጋላትና፣ «እባክሽ፣ አባቴ ዓይናቸው ሊበራ ሰዓቱ እያለቀ ነው» አላት። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ስታስገባ ቅንድቧ ከፍ አለ።

«ይኸ ዕቃ እኮ ያለው ፍኖተ ሰላም ነው» አለችው።

የደረሰ ደም ፈላ። ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ምስክር ሱቁን ሊዘጋ ነው። መዳፉን አነበበና ፊቱን እንኳ ሳያዞር ከኋላው ካለው መደርደሪያ አንድ ካርቶን ሳብ አድርጎ ባንኮኒው ላይ ጣለለት። «ኦ፣ ይህቺን ነው እንዴ የምትለው? ታዲያ ቀይ ነው ያልከኝ!» አለ። ደረሰ አንገቱን ሊያንቀው እጁን በላው፤ ግን መኪናው ያመልጠዋል።

ጅጋ ሲገባ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ይታገሱ የመፍቻ ቁልፎቹን ሰብስቦ በሩን እየቆለፈ ነው።

«አሁኑኑ ግጠምልኝ!» አለው ደረሰ።

«መብራት የለም፤ በጨለማ እንዴት አድርጌ? ነገ ደግሞ ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ያውም ዓመታዊው። ብረት አልነካም።»

«ቁልፎችህን ስጠኝ፣ ነገ እኔው እገጥመዋለሁ።»

ይታገሱ ራሱን አከከ። «የአባትህ ዓይን ነገር ሆኖብኝ እንጂ... በል ደውልላቸው። አያ ደሞዝ ይሁን ካሉ ቁልፎቹን እሰጥሃለሁ» አለ።

ደረሰ በእማዋይሽ ስልክ ደወለ፤ አባቱ ተቀበሉት።

«አባየ፣ ዕቃው ተገኝቷል። ነገ ልግጠመውና ልምጣልዎ፣ ይፍቀዱልኝ።»

«በሚካኤል?» አሉ አያ ደሞዝ። «በስሙ ጽዋ ስጠጣ የኖርኩ ሰው ልጄ በቀኑ ብረት ሲቀጠቅጥ ይዋል? ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ አምስት የሥራ ቀን ነው ያለችው። ሚካኤል የሥራ ቀን ነው እንዴ? ሐኪሞቹም ያከብሩታል፤ ቀናቸው የሚሞላው ከነገ ወዲያ ነው። ከነገ ወዲያ በጠዋት ውሰደኝ።»

ከኋላቸው የእማዋይሽ ድምፅ ተሰማ። «አባባ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው እኮ። ሰኔ ሚካኤልን ሥራ ፈትተው ይውላሉ ብለው ነው?»

«አንቺ ዝም በይ! ዓይን የሚያበራው ማን ሆነና ነው!»

ደረሰ በሆዱ ሚስቱ ልክ ትሆናለች ብሎ ፈራ። አፉ ግን «እሺ፣ አባየ» አለ። የአባት ቃል ነው፤ ሚካኤልም ሚካኤል ነው። ስልኩን አብሮ የሰማው ይታገሱም ቢሆን ሽማግሌው የተናገሩት ትክክል መስሎት፣ «እውነታቸውን ነው፣ በሰኔ ሚካኤል ማን ይሠራል?» አለ።

በበዓሉ ቀን ደረሰ ከተፈታችው ሞተሩ አጠገብ ካርቶኑን ታቅፎ ዋለ። ታቦቱን ሸኝቶ የተመለሰ ሰው እየቆመ እንኳን አደረሰህ ይለዋል፤ እሱም እንኳን አብሮ አደረሰን ይላል። ያን ያህል ረጅም ቀን አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ይታገሱ ገና ሊነጋ ሲል ከፈተለት። አዲሱ ሸራ ያለ አንዳች ችግር ገባ። ደረሰ ጭቃውን እየሰነጠቀ ቀዬው ደረሰ፣ አባቱን ከኋላው አስቀምጦ በነጠላ ከወገቡ ጋር አሰራቸውና ወረደ። አያ ደሞዝ መንገዱን ሙሉ ሲጫወቱ መጡ። «ስመለስ ብቻዬን ነው ሜዳ የምወጣው፤ እማዋይሽንም መርቄ አሰናብታታለሁ» ብለው ሳቁ።

ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ የሐኪም ቤቱ ግቢ ጭር ብሏል። እስከዳር የምትባል ነርስ ወንበር እየደራረበች ነበር።

«ለዓይን ነው? አለቀ እኮ፣ አባቴ። ትናንት ማታ ሄዱ።»

«ትናንት?» አሉ አያ ደሞዝ። «በሚካኤል?»

«ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ዋሉ። እንዲያውም ሰው ጠፍቶባቸው፤ ከገጠር አንድም ሰው አልመጣ። አልጋው ባዶውን ሆኖ ዋናው ሐኪም በረንዳ ላይ ቆሞ ሰው ሲጠብቅ ነበር።»

ነርሷ አሳዝነዋት ባትሪ አብርታ ዓይናቸውን አየች። ግራው ካለፈ ቆይቷል። ቀኙ ትናንት ሐኪሞቹ ሳሉ ቢሆን ይድን ነበር፤ ግን እሱም እየሄደ ነው፣ ብዙም አይቆይም። ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ አልተነገራትም። ባሕር ዳር ሂዱ እንዳትል ወረፋው ዓመት ያስጠብቃል፤ ሽማግሌውም ያን መንገድ አይችሉትም። ይህን ሁሉ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

አያ ደሞዝ አመሰገኗት። ሞተሯ ጋ ሲደርሱ የልጃቸውን ክንድ ጨበጡ።

«ደረሰ።»

«አቤት፣ አባየ።»

«ለእማዋይሽም ለማንም፣ ሐኪሞቹ ቀድመው ሄደው ነበር በል። በሚካኤል ሲሠሩ ዋሉ እንዳትል። ሚካኤልን አክብሮ ዓይኑን አጣ ሲባል ቀዬው ከሰማ፣ በታቦቱ ላይ ሰው ያንጎራጉራል። እኔም ያንን ከምሰማ እንዲሁ ጨልሞብኝ ልኑር።»

«እሺ፣ አባየ» አለ ደረሰ። ነጠላውን ከወገቡ ጋር እያሰረ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርድ ጀመር። ሊጠርገውም አልሞከረም፤ አባቱ እንደሁ አያዩት።