መቀሷ የቆረጠችው መጋረጃ

በልብስ ስፌት ቤቱ "መቀሷ" የሚሏት ጨርቅ ስለምትቆርጥ ብቻ አልነበረም። ምላሷ ከመቀሷ የባሰ ስለት ነበረው። የቤቱ ባለቤት አክስቷ ለሕክምና ስትሄድ ቁልፉን ሰጠቻትና "ትምህርት ሳይከፈት የተማሪዎቹን ሸሚዝ አድርሺ። ከሁሉ በላይ ግን አደራሽን፣ የሠራተኞቹን ሰላም ጠብቂ" አለቻት።

ሰላም ጠብቂ የተባለ ሰው መጀመሪያ ሰላሙ የት እንዳለ ያያል። መቀሷ ግን ጠብ ፍለጋ ወጣች።

በክፍሉ ጥግ አንድ ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሏል። የሸሚዝ እጅጌ የምትሰፋው እጅጌ ሰፊዋ ጠዋት የጸሎት መጽሐፏን ይዛ፣ አንገት የምትሰፋው አንገት ሰፊዋ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ የስግደት ምንጣፏን ይዛ ከኋላው ይገባሉ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ የጎደለውን ትሰፋላታለች። እምነታቸው ለየቅል ነው፤ እንዲህ አድርጉ ያላቸውም የለም። ዝም ብሎ ሲደረግ የኖረ ነገር ነው።

መቀሷ ትምህርት ያቋረጠችው በልጅነቷ ነው፤ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ራሷ አንብባ ነው። ይህንንም ላልጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። በቅርቡ የሃይማኖት ጠብ አገር እንዴት እንደሚያፈርስ የሚያወሳ መጽሐፍ አግኝታ ነበር። ግማሹ ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ጠቡን እንጂ እርቁን አላነበበችም። ለእሷ ዓይነቱ አዋቂ ደግሞ ግማሹ ከበቂ በላይ ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጸሎት የለም፤ ለሁላችንም ሰላም ሲባል!" ብላ አወጀች። መጋረጃውንም አውርዳ ለወንበሮቹ ትራስ ቆረጠችው። "አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ" እያለች ሰው ስትመክር የምትውለው እሷው ናት።

ሁለቱም ሴቶች ይህን ያመጣው የጓደኛቸው ክስ መሰላቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ምንጣፌ ከከበደሽ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?" አለች አንገት ሰፊዋ።

"እኔ? ማሽንሽን ስጠብቅልሽ የኖርኩት እኔ ሄጄ ልከስሽ? ይልቅ የኔ የጸሎት ማንሾካሾክ ጆሮሽን አሳመመሽ መሰለኝ!"

ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። አንዷ ጎረቤት ሄዳ ጸልያ እስክትመለስ ማሽኗን የሚነካላት የለም፤ ሌላዋ ቤቷ ጸልያ አርፍዳ ትመጣለች። አንገት ኖሮት እጅጌ የሌለው፣ እጅጌ ኖሮት አንገት የሌለው ሸሚዝ ተቆለለ። በዚህ መሃል አክስቷ ደወለች።

"ሰላም ናችሁ?"

"ጸጥ ብለናል አክስቴ።"

"ጸጥ በሉ መቼ አልኩሽ? ሰላም ናችሁ ወይ ነው የምልሽ።"

መቀሷ ስልኩን ቶሎ ዘጋችው። የዚያኑ ቀን ሁለቱም ሥራ ሊለቁ መሆናቸውን በየፊናቸው ነገሯት። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" የሚለው ተረት ስለ ጎረቤቶቿ የተተረተ ይመስላት ነበር፤ ለካ ስለ እሷ ኖሯል። የሸሚዝ ክምሩ መሃል ቆማ ሁለቱንም ጠራቻቸው።

"ማንም ማንንም አልከሰሰም። ከራሴ አውጥቼ ነው።"

"ለምን?" አለች እጅጌ ሰፊዋ።

"እንዳትጣሉ ብዬ።"

ሁለቱ እንደገና ተያዩ። አንገት ሰፊዋ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። "አንቺ ልጅ፣ እንዳንጣላ ብለሽ አጣልተሽን አረፍሽው! ይልቅ ጥጋችንን መልሺልን" አለቻት አንገት ሰፊዋ።

መቀሷ ትራሶቹን ተርትራ መጋረጃውን በገዛ እጇ ሰፋችው። መቁረጥ እንጂ መስፋት አልፈጠረባትም፤ ስፌቱ የሰከረ ሰው መንገድ መሰለ። ቢሆንም ተሰቀለ። እኩለ ቀን ላይ አንገት ሰፊዋ ምንጣፏን ይዛ ስትገባ፣ እጅጌ ሰፊዋ ማንም ሳይነግራት ተነስታ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። ሸሚዞቹ አንገታቸውን ማግኘት ጀመሩ።

"አንቺስ መቼ ነው የምትገቢው?" አለች እጅጌ ሰፊዋ ከማሽኑ ሳትነሳ።

"እኔ? ከመቀሴ ሌላ የማላምን ሰው እዚያ ገብቼ ምን ልሁን?"

"የማያምን ሰው ጥግ አያስፈልገውም ያለሽ ማነው? ግቢና ዝም በይ። ላንቺ እሱም ትልቅ ስግደት ነው።"

አንገት ሰፊዋ ስትወጣ መቀሷ ገባች። ማሽኖቹ ቀስ አሉ፤ ሁሉም ጆሮውን ጣለ። ዝም አለች። አሁንም ዝም አለች። ሊሳካላት ምንም አልቀራትም ነበር።

"ኧረ ይሄ ስፌት ጠማማ ነው!" የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ፈነዳ። "ማነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው?"